ቅዳሜ ቅዳሜ የምትታመመው ሣጥን

(የልብስ ሰፊው ሳሎን። በአንድ ጥግ የስፌት መኪና፣ ከጎኑ የካውያ ጠረጴዛ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን፤ ከሥሩ የገላ ሳሙና የምታክል ፊልም ማጫወቻ ጥቁር ሣጥን፣ በላይዋ ነጭ ዳንቴል። ልብስ ሰፊው የቤቱ ጌታ ነው። ሊቁ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ሊቁ የሚለውን ስም ያወጣለት ቤተሰቡ ነው፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ነው የተቀበለው።)

ሊቁ፦ አንሣው ብዬሃለሁ ይህን ዳንቴል።

ልብስ ሰፊው፦ እህትዎ በእጇ የሠራችው ነው እኮ ጋሼ።

ሊቁ፦ በእግሯም ብትሠራው ሣጥኗን ያፍናታል። አንተ አፍና አፍንጫህ ላይ ዳንቴል ተጥሎብህ አንድ ሙሉ ፊልም ማሳየት ትችላለህ?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ዳንቴል ሳይጣልብኝም ፊልም ማሳየት አልችል።

ሊቁ፦ እሱን አውቃለሁ። አንሣው።

(ልብስ ሰፊው ዳንቴሉን በአራት አጥፎ፣ እጥፋቱን በጥፍሩ ተጭኖ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል።)

ልብስ ሰፊው፦ ይኸው። አሁን ትሠራለች?

ሊቁ፦ ገና ልብሷን ስናወልቅላት? ሐኪም ሸሚዝህን አስወልቆ ወዲያው «ድነሃል፣ ሂድ» ይልሃል?

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ጋ ሸሚዝ የሚያወልቁት ለልክ ነው፤ ልካቸውን ሰጥተው ወዲያው ይሄዳሉ።

ሊቁ፦ አማቼ፣ እግዜር ሲፈጥርህ ቸኩሎ አልነበረም፤ አንተም ይኸው አትቸኩልም።

ልብስ ሰፊው፦ ዛሬስ ቸኩያለሁ። እህትዎ አክስትዎን ይዛ ታክሲ ውስጥ ነን ብላ ደውላለች። የልጃችንን ሠርግ ያላዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ነገ በጠዋት ተሳፍረው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በስልክ እንዳላሳያቸው ዓይናቸው ትንሽ ነገር አይለይም። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ካረጀ ቆየ፣ ያለዚህች ሣጥን ምንም አይከፍትም።

ሊቁ፦ እሱንም አውቃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ከዚያ ደግሞ... አይቆጡኝና... እሳቸው ሳይደርሱ ሠርተው በጓሮ በር ቢወጡልኝ ደስ ይለኛል።

ሊቁ፦ በጓሮ በር? እኔ ሌባ ነኝ?

ልብስ ሰፊው፦ ሌባስ በፊት ለፊትም ይመጣል። እህትዎ ስትወጣ «ዛሬ ወንድሜን እንዳትጠራው» ብላኝ ነው የሄደችው። ሣጥኗ እምቢ ስትለኝ ጨንቆኝ ነው የደወልኩልዎት።

ሊቁ፦ ለምን እንዳትጠራው አለችህ?

ልብስ ሰፊው፦ ያውቁት የለ። ስለ አልጋው።

ሊቁ፦ አልጋው በትክክለኛው ከፍታ ላይ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው፦ ሐኪሙ ያስተካከለው ነበር እኮ።

ሊቁ፦ ሐኪሙ ወጣት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አክስትዎ እግራቸው ተሰብሮ፣ ጄሶ ታስሮላቸው፣ «ለሠርጉ ይደርሳሉ» ተብለው ሆስፒታል በደስታ ተኝተዋል። እርስዎ ሊጠይቁ ገቡ። ማዕዘኑ ልክ አይደለም ብለው የአልጋውን እጀታ ያዞሩት ጀመር። የእሳቸውን ጩኸት እስከ በሩ ድረስ የሰማ ዘበኛ ነው አሉ ሮጦ የመጣው። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ሌላ ጄሶ አሰረ፤ ሠርጉም አለፈ። «ያን ሁሉን የሚያውቀውን ሰው ዓይኔ ሥር አታምጡብኝ» ብለዋል፤ እኔ የጨመርኩት የለም።

ሊቁ፦ (ካቻቢቴውን ከቦርሳው እያወጣ) ስለ ሣጥኗ እንነጋገር። ሕመሟን ንገረኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ስሰካት ሰማያዊ መብራቷ ይበራል። ስሟ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ከዚያ ሠርጉ ያለበት ሀርድ ዲስክ እርርር ማለት ሲጀምር ድርግም ትላለች። ትንሽ ቆይታ ስሟን እንደገና ታሳያለች። እንደገና ድርግም።

ሊቁ፦ ስሟን ካስታወሰች አእምሮዋ ደህና ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ለዚያ ሊኑክስ ለሚሉት ሰውዬ ቢደውሉለትስ?

ሊቁ፦ ለየትኛው ሰውዬ?

ልብስ ሰፊው፦ ሣጥኗን ያመጡልን ዕለት «ውስጧ ያለው ሊኑክስ ነው፣ አትስጉ» ብለውን የለ። የሠራት መሐንዲስ መስሎኝ፣ እኔማ ፊልም ባየሁ ቁጥር ስሙን ጠርቼ ነው የማመሰግነው።

ሊቁ፦ ሊኑክስ ሰው አይደለም። ሣጥኗ የምትተዳደርበት ሥርዓት ነው። ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ትተን፣ እኔ በዚህች ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ አድርጌ ጎኗ ላይ ያስገባሁላት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሥርዓት ቢኖራትማ እንግዳ ሊገባ ሲል እንዲህ አትሆንም ነበር።

(ሊቁ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መነጽሩን ያወልቃል፣ ይጠርጋል፣ ያደርጋል፣ እንደገና ያወልቃል።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ መነጽሩ ጠራ።

ሊቁ፦ ባለሙያ አይጣደፍም። እስቲ ባለፈው ቅዳሜ ምን አድርጌ ነው ያዳንኳት?

ልብስ ሰፊው፦ አየር እንድታገኝ ብለው ወደ መስኮቱ አዙረዋት።

ሊቁ፦ ከዚያ በፊትስ?

ልብስ ሰፊው፦ የሪሞቱን ባትሪዎች በመዳፍዎ አሽተው።

ሊቁ፦ ከዚያ በፊትስ?

ልብስ ሰፊው፦ ያኔ... ቆጣ ብለዋት ነው።

ሊቁ፦ እና ሠራች ወይስ አልሠራችም?

ልብስ ሰፊው፦ (ወደ መሬት እያየ) ሠራች።

ሊቁ፦ እንግዲያው በቅደም ተከተል እንሂድ።

(ሣጥኗን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ባትሪዎቹን አውጥቶ እንደ ብርዳም እጅ ያሻቸዋል። ከዚያ ወደ ሣጥኗ ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ ይገሥፃታል፦ በዚህ ዕድሜዋ እንደማያምርባት፣ የእሷ ቢጤዎች የትም ቤት ቀጥ ብለው እንደሚሠሩ፣ ያሳደጋትን እንዳታሳፍር። ልብስ ሰፊው ይሰካታል። ሰማያዊ መብራት። ስም። እርርር። ድርግም።)

ልብስ ሰፊው፦ አዩዋት? ሀርድ ዲስኩ እርርር ሲል ነው የምትሞተው። ልክ ከባድ ጨርቅ ሲገባባት እንደምትቆም መኪናዬ።

ሊቁ፦ አጋጣሚ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሁልጊዜ?

ሊቁ፦ ሁልጊዜ የሚያጋጥም አጋጣሚ ነው። ስቴኪኒ አምጣልኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ምሳ በልተው ነው የመጡት?

ሊቁ፦ ለሣጥኗ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እሷ ምን በልታ?

ሊቁ፦ ከኋላዋ ክብ ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ ውስጥ የተደበቀች ቁልፍ አለች። እኔ በስቴኪኒ ተጭኜ እይዛታለሁ፣ አንተ በዚያው ቅጽበት ገመዱን ትሰካለህ። ያኔ የፋብሪካውን ትታ ከካርዱ ትነሣለች።

ልብስ ሰፊው፦ (ትራስ ላይ ከተሰካው መርፌ አንዱን እየነቀለ) ስቴኪኒ ቤቱ ውስጥ የለም። መርፌ ግን ከየቁጥሩ አለ።

ሊቁ፦ በመርፌ ልትገድላት ነው? ክብሪት አምጣ፣ እንጨቱን በምላጭ ቅረፍና ስጠኝ።

(ልብስ ሰፊው አንዲት የክብሪት እንጨት መርጦ፣ በሜትሩ ለክቶ፣ በምላጭ ቀርፎ ይሰጠዋል። ሊቁ መስኮቱን ያያል፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል።)

ልብስ ሰፊው፦ ምን ያያሉ?

ሊቁ፦ ብርሃን። ለዚህ ሥራ ብርሃን ያስፈልጋል። ዝግጁ ነህ? ተጫንኩ። ስካ።

ልብስ ሰፊው፦ ሰካሁ።

ሊቁ፦ መብራቷ አልበራም።

ልብስ ሰፊው፦ ሰክቻለሁ እኮ።

ሊቁ፦ ታዲያ ትንሽ እንታገሣት። ከባድ ሕመም ላይ ነች።

(ሁለቱም ሣጥኗ ላይ ተደፍተዋል።)

ልብስ ሰፊው፦ የሆነ ነገር ይሸታል።

ሊቁ፦ ይሸታል። ኤሌክትሪኩ ውስጧ እየተዘዋወረ ነው። ጥሩ ምልክት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሱፍ ሱፍ ይሸታል።

ሊቁ፦ አንዳንዶቹ እንደዚያ ይሸታሉ።

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ የሰካሁት ካውያዬን ሳይሆን አይቀርም።

(ልብስ ሰፊው ሮጦ ካውያውን ያነሣል። የተዘረጋው ብርድ ልብስ ላይ የካውያ ቅርጽ ቡኒ ሆኖ ታትሟል። ሰውየው ቅርጹን በጣቱ ዳር ዳሩን ይለካዋል።)

ሊቁ፦ እኔ የምልህን ገመድ አታውቀውም?

ልብስ ሰፊው፦ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ደግሞ ይሄኛው ይወፍራል፤ የሣጥኗ ገመድ ዛሬ ቀጠነብኝ፣ ድሮ እንዲህ ቀጭን አይመስለኝም ነበር።

ሊቁ፦ (ቶሎ ብሎ) ገመድ አይከሳም። ትክክለኛውን ስካው።

(በትክክል ይሰካል። ሰማያዊ መብራት። ስም። እርርር። ድርግም። ሊቁ ቀስ ብሎ ካቻቢቴውን ያነሣና ከሣጥኗ ሆድ ሥር ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ይፈታል፤ እያንዳንዷን ወደ ብርሃን አንሥቶ እያየ ቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ይደረድራል።)

ልብስ ሰፊው፦ አሁን ምን እየፈለጉ ነው?

ሊቁ፦ ምክንያት።

ልብስ ሰፊው፦ ከታች ካለው ሱቅ ቴክኒሺያኑን ልጥራው?

ሊቁ፦ እኔ እዚህ ተቀምጬ? ይህችን ሣጥን ከመነሻዋ የማውቃት እኔ፣ በየቅዳሜው ከሞት ያስነሣኋት እኔ፣ አንተ ሌላ ሰው ልትጠራብኝ?

(ልብስ ሰፊው ሄዶ ስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል። ዳንቴሉን ከኪሱ አውጥቶ ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ግን ካቻቢቴውን መጀመሪያ ያስቀምጡት።

ሊቁ፦ አስቀመጥኩ።

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ አላስነሷትም።

ሊቁ፦ ምን ማለት ነው?

ልብስ ሰፊው፦ መስኮቱም፣ ባትሪውም፣ ቁጣውም አይደለም ያዳናት። ሕመሟ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ከካርዷ ሥር እሸጉጣለሁ፤ ያን ጊዜ ካርዷን አታነብም። እርስዎ ይመጣሉ፣ እጅዎን ሊታጠቡ ይገባሉ፣ እኔ ጨርቁን አወጣለሁ። ተመልሰው ቆጣ ሲሏት ትሠራለች።

(ሊቁ የደረደራቸውን ብሎኖች በጣቱ ያስተካክላል።)

ልብስ ሰፊው፦ ሐሳቡ የእህትዎ ነው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ «ና ምሳ ብላ» ስንልዎ ሥራ አለብኝ ይላሉ። ምን ሥራ እንደሆነ አናውቅም። «ና ጠግን» ስንልዎ ግን የጫማዎን ክር ሳያስሩ ይደርሳሉ። እሷም ምሳውን ታቀርባለች፣ እርስዎም ይበላሉ። ለክፋት አልነበረም። ዛሬ ግን እንግዳ ስላለብን ጨርቅ የሚባል አልነካሁም። የዛሬው የእውነት ነው። ስለዚህ እርስዎ አይችሉትም፤ ቴክኒሺያኑን ልጥራው።

ሊቁ፦ ጨርሰሃል?

ልብስ ሰፊው፦ ጨርሻለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ሊቁ፦ የመጀመሪያው ጨርቅ ግራጫ ነበር። የሱሪ ገበር። ቀጥሎ ሰማያዊ፤ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ስትሰፋ። ከዚያ ያ ነጠብጣብ ያለበት ቀሚስ መጣ፤ ጠርዙ ተተልትሎ ክሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ባለሙያ ሰው እንደዚያ አይቆርጥም ብዬ ታዝቤሃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ (ከመኪናው ላይ እየተነሣ) ያውቁ ነበር?

ሊቁ፦ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ሳሎኑን ያሳያል። ምላስህን አውጥተህ በሁለት ጣትህ ስትጎትት ሁሌ አይሃለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ ታዲያ ያ ሁሉ ባትሪ ማሸት፣ ያ ሁሉ ቁጣ?

ሊቁ፦ ጊዜ ልስጥህ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ጨርቁ ይነክስብሃል፣ ጣትህም ይንቀረፈፋል። ከመታጠቢያ ቤት ወጥቼ ገና እየጎተትክ ካገኘሁህ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። አንድ ቅዳሜ ስለ አየርና ስለ አቧራ ያን ያህል ያስተማርኩህ ትዝ ይልሃል?

ልብስ ሰፊው፦ ትዝ ይለኛል። አልገባኝም ነበር።

ሊቁ፦ እኔም አልገባኝም ነበር። አንተ እስክትጨርስ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ እኮ ጋሼን አሞኘሁ ብዬ ማታ ማታ ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ነው የከረመው።

ሊቁ፦ ይገባሃል።

ልብስ ሰፊው፦ ካወቁ ለምን አልተናገሩም?

ሊቁ፦ ብናገር ማን ይጠራኛል?

(ልብስ ሰፊው ዳንቴሉን እንደገና ያጥፋል።)

ልብስ ሰፊው፦ ይሁን። የዛሬውስ? ዛሬ ጨርቅ የለም።

(ሊቁ ኮቱን ከፍቶ፣ ከውስጥ ኪሱ ገመዱ የተጠቀለለ ወፍራም አዳፕተር ያወጣል። ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል።)

ልብስ ሰፊው፦ ይሄ የኛ አይደለም?

ሊቁ፦ የናንተ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ይህን ይዤ፣ የድሮ ሬዲዮኔን አዳፕተር ነው የሰካሁላችሁ። ጫፉ ይገጥማል። ሣጥኗን ብቻዋን ማብራት አያቅተውም። ሀርድ ዲስኩ ሲጨመርበት ግን አቅም የለውም፣ ይወድቃል። የሠርጉን ሀርድ ዲስክ የምትሰኩባት ደግሞ ዛሬ ብቻ እንደሆነ አውቄያለሁ።

ልብስ ሰፊው፦ እርርር ሲል ነው የምትሞተው ስልዎት...

ሊቁ፦ ልክ ብለሃል። ገመዱም ቀጥኗል። ሦስት ጊዜ እዚያው ደርሰህ ሦስት ጊዜ መለስኩህ፤ አላበኝ።

ልብስ ሰፊው፦ ለምን ግን ጋሼ? በዛሬው ቀን?

ሊቁ፦ ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ላይ «የሚመጣውን ቅዳሜ አትልፋ፣ እንግዳ አለብን» አለችኝ እህቴ። እንግዳው ማን እንደሆነ ገባኝ። ዛሬ ጨርቅ አታደርግም፣ አትጠራኝም። አክስቴ ነች ያሳደገችኝ። ያንን ሠርግ ያስቀረሁባት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አልጋውን ባልነካው ታየው ነበር። እኔው በእጄ ባሳያት ብዬ ነው። እንግዳን «ውጣ» ይሉታል። ሣጥን ፈትቶ ብሎን በእጁ የያዘን ሰው ግን በመሐል ተነሥተህ ሂድ የሚለው የለም።

ልብስ ሰፊው፦ ብርሃን ነው ያሉኝ ታክሲውን ሲጠብቁ ነበር?

ሊቁ፦ ደግሞ ቆየ ታክሲው። ብሎን አለቀብኝ እኮ።

(ልብስ ሰፊው ቀጭኑን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ይተውና ወፍራሙን አዳፕተር ይሰካል። ሰማያዊ መብራት። ስም። እርርር። እርርርታው ይቀጥላል። ስክሪኑ ላይ ሙሽራዋ በደረጃ ስትወርድ ትታያለች፤ ነጭ ቀሚስ፣ ረጅም ጅራት።)

ልብስ ሰፊው፦ የቀሚሱ ጫፍ ትንሽ ወደ ግራ ይዘነብላል። ስሰፋው አላየሁትም።

ሊቁ፦ አይዘነብልም። አንተ ነህ የዘነበልከው። (ብሎኖቹን መልሶ ቶሎ ቶሎ ያስራል፤ ቦርሳውን ይዘጋል።) በል፣ ሠርታለች። ፊልሙ ደግሞ ሲቆም የሪሞቱን ይህችን ቁልፍ ተጫን። እኔ በጓሮ በር ልሂድ።

ልብስ ሰፊው፦ የት ነው የሚሄዱት?

ሊቁ፦ ሥራው አለቀ። አሁን ምን ብዬ እቀመጣለሁ?

ልብስ ሰፊው፦ ምንም ሳይሉ።

ሊቁ፦ ምንም ሳልል ተቀምጬ አላውቅም።

(የበሩ ደወል ይጮኻል። ሊቁ ወደ ጓሮ ይነሣል፤ ልብስ ሰፊው ትከሻውን ይዞ፣ ልክ እንደሚለካ ሰው፣ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ቦርሳውን ነጥቆ ስፌት መኪናው ሥር ይከተዋል። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ይሄዳል። ከዚያ የሴቶች ድምፅ፣ የምርኩዝ ድምፅ። ልብስ ሰፊው አንገቱን ብቻ ወደ ሳሎን ያስገባል።)

ልብስ ሰፊው፦ አክስትዎ ውስጥ ማን አለ ይላሉ።

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) ምን አልካት?

ልብስ ሰፊው፦ ሣጥን ሊጠግን የመጣ ሰው ነው አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ሊቁ፦ ምን አለች?

(ልብስ ሰፊው ይወጣል፣ ይመለሳል።)

ልብስ ሰፊው፦ ሣጥኗ ምን ሆና ነበር ብለህ ጠይቀው ይላሉ። ከበሩ አልገባም፣ መልሱን ልስማ ብለው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

(ሊቁ መነጽሩን ያወልቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቀጭን አዳፕተር ያያል፤ ቴሌቪዥኑን ያያል።)

ሊቁ፦ አላውቅም በላት።

ልብስ ሰፊው፦ ያውቃሉ እንጂ፤ አሁን ነገሩኝ አይደል። የሬዲዮው አዳፕተር...

ሊቁ፦ አላውቅም ብሏል በላት።

(ልብስ ሰፊው ይወጣል። ከኮሪደሩ አጭር፣ የታፈነ ሳቅ። ልብስ ሰፊው ፊቱ አዝኖ ይመለሳል።)

ልብስ ሰፊው፦ ጋሼ፣ እሳቸው ተሳስተዋል። እርስዎ መሆንዎን አላወቁም።

ሊቁ፦ ምን አለች?

ልብስ ሰፊው፦ «የእኔው ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አላውቅም ብሎ አያውቅም፤ ይሄ ሌላ ሰው ነው። ሌላ ሰው ከሆነማ ምን አለብኝ፣ ከአጠገቡ ወንበር አድርጉልኝ፤ ዓይኔ ስለደከመ ማን ማን እንደሆነ እየነገረኝ ሠርጉን አየዋለሁ» ይላሉ። እርስዎ መሆንዎን ልንገራቸው?

(ሊቁ ተነሥቶ የሚሻለውን ወንበር፣ ትራስ ያለበትን፣ ከራሱ አጠገብ ያደርጋል። የእግር ማሳረፊያ ይሆን ዘንድ ዱካ ይጨምርና፣ ከፍታውን ሊያስተካክል እጁን ዘርግቶ ይተወዋል።)

ሊቁ፦ ተው፣ እንዳትነግራት።